ነጥቧ የት ትቀመጥ?

መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ኮንዶሚኒየም ሥር ናት። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ግድግዳ ተደግፈው የቆሙ የጨርቅ ጣቃዎች፣ በቃ። «ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠሪ ትውያለሽ?» ብትሉኝ ግን መልሴ መስፋት አይደለም። መስፋቱን አብራኝ የምትሠራው ልጅ ከእኔ በላይ ታቀላጥፈዋለች። እኔ የምውለው ነጥብ ያለባቸውን ቁጥሮች ሳባዛ ነው። 1.85 ሲባዛ በ2.5። 4.7 ሲባዛ በ645.50። 2.6 ሲባዛ በ0.95። ጨርቅ አንዴ ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው። መቀሱ ከመነሳቱ በፊት ሒሳቡ ማለቅ አለበት።

ዛሬ መጋረጃውን ትቼ ስለዚሁ ማባዛት ልጻፍ። ምክንያቱ ልጄ ነው። ስድስተኛ ክፍል ገብቶ አስርዮሽ ቁጥር ማባዛት ላይ ደርሰዋል። ደብተሩን ስገልጠው እኔ በእሱ ዕድሜ የሸመደድኩት ሕግ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ነጥቡን ለጊዜው ተወው። እንደ ሙሉ ቁጥር አባዛ። በሁለቱም ቁጥሮች ላይ ከነጥብ በኋላ ያሉትን አሃዞች ቁጠር። መልሱ ላይ ከቀኝ ጀምረህ ያንኑ ያህል ቆጥረህ ነጥቡን አስቀምጥ።

ሕጉ ልክ ነው፤ ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም። ግን ልጆቹ የያዙት እንደ ስልክ ቁጥር ነው። አንድ አሃዝ ቢዛነፍ የት ጋ እንደተዛነፈ ማወቂያ የላቸውም። ልጄን «1.85 ሲባዛ በ2.5፣ 46.25 ነው ወይስ 4.625?» ብዬ ስጠይቀው ጣቱን አውጥቶ እንደገና ይቆጥራል እንጂ «46 እንዴት ሊሆን ይችላል?» አይልም። እኔ የምለው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ መልሱ የት አካባቢ እንደሚያርፍ ገምቱ። ከዚያ አባዙ። መቁጠሩ መጨረሻ ላይ ይምጣ፣ ለማረጋገጫ።

ይህን ያገኘሁት ከትምህርት ቤት አይደለም። ሙያውን ያስተማሩኝ ሴትዮ፣ እኔ እትዬ ነበር የምላቸው፣ መርካቶ ብትን ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ናቸው። ከአራተኛ ክፍል አላለፉም። ደንበኛ ልኬት ይዞ ሲመጣ እኔ ወደ ካልኩሌተሩ እጄን ስሰድ «ቆዪ እስቲ፤ መጀመሪያ ስንት ይመስልሻል?» ይሉኛል። በጊዜው ያናድደኝ ነበር። መሣሪያው እያለ ምን መገመት ያስፈልጋል? ነበር የምለው በልቤ።

አሁን እኔው ራሴ እንደሳቸው ሆኛለሁ። አንድ መስኮት እንውሰድ። ዘንጉ 1 ሜትር ከ85 ነው። ስስ መጋረጃ ዝርግ ሆኖ አይሰቀልም፤ እጥፋት ይፈልጋል። ስለዚህ የዘንጉን ርዝመት በ2 ወይም በ2.5 እናባዛለን። ደንበኛዋ «ሞላ ያለ ይሁንልኝ» ካለች በ2.5 ነው። የመጋረጃ ጨርቅ ብዙውን ጊዜ 2.80 ሜትር ቁመት ይዞ ስለሚመጣ የምንቆርጠው በርዝመቱ ብቻ ነው። እንግዲህ 1.85 ሲባዛ በ2.5።

እትዬ ቢሆኑ እንዲህ ይሉ ነበር። «ሁለት ሜትር አይሞላም። ሁለት ቢሆን ኖሮ ሁለት ተኩል እጥፉ አምስት ነው። እንግዲህ ከአምስት ትንሽ ያንሳል።» አለቀ። መልሱ አራት ምናምን ነው። አሁን ነጥቧን ረስታችሁ 185ን በ25 አባዙ፤ 4625 ይመጣል። ነጥቧ የት ትግባ? 462.5 ሜትር ጨርቅ ሕንፃውን ሳይጠቀልለው አይቀርም። 46.25 ቢሆን ሱቄ ውስጥ ያለው ጣቃ አይበቃውም። 0.4625 ቢሆን ግማሽ ሜትር አይሞላም፤ መስኮቱን እንኳ አይሸፍንም። የቀረው 4.625 ብቻ ነው። መቁጠር ሳያስፈልግ ነጥቧ ቦታዋን አገኘች። ከዚያ ለማረጋገጥ ቁጠሩ፤ 1.85 ላይ ሁለት፣ 2.5 ላይ አንድ፣ በድምሩ ሦስት። ገጠመ።

ለምን እንደሚገጥም ልጄ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔ በእሱ ዕድሜ አልጠየቅኩም። 1.85 ማለት 185 መቶኛ ነው። 2.5 ማለት 25 አስረኛ ነው። 185ን በ25 ስናባዛ 4625 አገኘን፤ ግን 4625 ምን? የመቶኛ አስረኛ ሺህኛ ነው። ስለዚህ 4625 ሺህኛ። ሺው ሙሉ አንድ ስለሚሆን 4 ሙሉና 625 ሺህኛ። ከነጥቧ በኋላ ሦስት አሃዝ የሚኖረው ለዚህ ነው። የምንቆጥረው አሃዝ ቁጥሩ ስንት ጊዜ ለአስር እንደተከፈለ የሚነግረን ነው፤ ከዚያ ያለፈ ምስጢር የለውም።

ግምት ላይ ይህን ያህል ድርቅ የምለው ስልኩ የማያድነን ቦታ ስላለ ነው። ካልኩሌተር የነገርነውን ያባዛል። 1.85 ብለን 18.5 ብንነካ 46.25 ብሎ በኩራት ያሳየናል። አጠገቤ የምትሠራው ልጅ በግምት ከማመኗ በፊት ስልኩ ያወጣውን ቁጥር እንደ ቃለ መሐላ ነበር የምትቀበለው። አሁን ግን ስልኩን ከመንካቷ በፊት «አምስት አካባቢ» ብላ ጮክ ትላለች። ደንበኞች ይስቃሉ። ይሳቁ።

ወደ ልጄ ልመለስ። አንድ የቤት ሥራ ላይ 0.3 ሲባዛ በ0.2 የሚል ነበር። 0.6 ብሎ ጻፈ። አብዛኛው ልጅ እንዲህ ይጽፋል፤ ሁለት ጊዜ ሦስት ስድስት፣ ነጥቧም ፊት ላይ አለች፣ ምን ቀረ? «0.06 ነው» ስለው አኮረፈ። «እማ፣ ሁለቱንም ያነሰ ቁጥር እንዴት ይወጣል? ስናባዛ ይጨምራል አይደል?»

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው አስርዮሽን የሚጠላው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ማባዛት ማሳደግ ነው ብለን ኖረን ድንገት ማባዛት ማሳነስ ሆኖ ቁጭ ይላል። ቃላት አላባከንኩም። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ነጭ ብጣሽ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። በሁለቱም በኩል በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በጠመኔ መስመር አሰመርን። መቶ ትንንሽ አራት ማዕዘን ወጣ። «አንድ ካሬ ሜትር ይኼ ነው፤ እያንዳንዷ ቤት የመቶ አንዷ ናት» አልኩት። «አሁን ወርዱ 0.3፣ ቁመቱ 0.2 የሆነ ቁራጭ አሳየኝ።» በጣቱ ሦስት ወደ ጎን፣ ሁለት ወደ ታች ከበበ። ስድስት ቤት። ከመቶ ስድስት። ዝም ብሎ ትንሽ አየውና «እህ!» አለ። 0.6 ማለት እኮ ስድሳ ቤት ነው፣ ከጨርቁ ከግማሽ በላይ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ለምዷል። ከአንድ በሚያንስ ቁጥር ሲያባዛ አስቀድሞ «ይቀንሳል» ብሎ ይጽፋል። የ0.2 እጥፍ ማለት አምስተኛውን መውሰድ ነው። የ0.5 ማለት ግማሹን። የ0.95 ማለት ትንሽ ሸረፍ ማድረግ። ይህ ከገባ የቀረው የብዜት ሠንጠረዥ ነው።

ሌላው ስህተቱ ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። 2.5 ሲባዛ በ3.4። መልስ፣ 6.20። እንዴት አገኘኸው? «ሁለት ጊዜ ሦስት ስድስት፣ አምስት ጊዜ አራት ሃያ።» ነጥቧን እንደ አጥር አይቷት ግራውን ከግራ፣ ቀኙን ከቀኝ ጋር አባዝቶ አረፈው። ስትደምር ይህ ዓይነት አሠራር ብዙም አይጎዳም። ስታባዛ ግን ጨርቅ ያሳጣል።

መጀመሪያ ግምት። 2.5 ጊዜ 3 ብቻ 7.5 ነው። ስለዚህ 6.20 ከመነሻው አይሆንም። ግን የት ጠፋ? ሱቁ ወለል ላይ ወርዱ 2.5፣ ርዝመቱ 3.4 ሜትር የሆነ ምንጣፍ በጠመኔ ሠራን። ሁለቱን ሜትርና ግማሹን የሚለይ መስመር አሰመርን፤ በሌላው በኩል ሦስቱን ሜትርና 0.4ን የሚለይ መስመር። አራት ክፍል ወጣ። ትልቁ 2 በ3፣ 6 ካሬ። በጎን 0.5 በ3፣ 1.5 ካሬ። በታች 2 በ0.4፣ 0.8 ካሬ። ጥጉ ላይ 0.5 በ0.4፣ 0.2 ካሬ። ደምሩት፤ 8.5። ልጄ ትልቁንና ጥጉን ይዞ ሁለቱን ጎኖች ጥሏቸዋል። 2.3 ካሬ ሜትር ምንጣፍ ወለሉ ላይ ቀረ ማለት ነው። ያን ቀን ደንበኛ ቢመጣ ኖሮ ወለሉን ረግጦ ያጠፋብን ነበር፤ ደግነቱ እሑድ ነው።

ደግሞም አየሁት፣ ጥጉ ላይ ያለችው ትንሿ ክፍል የአስረኛ በአስረኛ ናት፤ ሁልጊዜ ከአንድ ካሬ ታንሳለች። ጊዜ ከሌላችሁና በግምት ብቻ መሄድ ከፈለጋችሁ እሷን ብትተዉ 8.3 ታገኛላችሁ። ለዋጋ ድርድር ይበቃል። ለመቁረጥ ግን አይበቃም።

የቁጥሩ አነባበብም የራሱ ጣጣ አለው። ደንበኞቼ ስልክ ደውለው «መስኮቱ ሁለት ሜትር ከአምስት ነው» ይሉኛል። ሁለት ሜትር ከአምስት ሳንቲ ሜትር ነው ወይስ ሁለት ነጥብ አምስት? አንዱ 2.05 ነው፣ ሌላው 2.5። በመሃላቸው 45 ሳንቲ ሜትር አለ። በ2.5 እጥፋት ሲባዛ ልዩነቱ ከአንድ ሜትር በላይ ጨርቅ ነው፤ 0.45 ሲባዛ በ2.5፣ 1.125። ስለዚህ ሁልጊዜ «በሳንቲ ሜትር ብቻ ንገሪኝ የኔ እህት፤ ሁለት መቶ አምስት ነው ሁለት መቶ ሃምሳ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ልጄም በዚሁ ምክንያት ነበር 1.25ን ከ1.5 የሚያስበልጠው። 25 ከ5 ይበልጣላ! ሜትሩን ዘርግቼ ሁለቱንም በጣቱ ካስነካሁት በኋላ ተወው።

«ታዲያ ሁሉንም በሳንቲ ሜትር ብንሠራ ነጥቧ አትጠፋም?» ትሉ ይሆናል። ለርዝመት አዎ። 185 ሲባዛ በ2.5፣ 462.5 ሳንቲ ሜትር፤ ለ100 አካፍሎ 4.625። ለስፋት ግን ተጠንቀቁ። 30 በ20 ሳንቲ ሜትር 600 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ይህን ለ100 ያካፈለ 6 ካሬ ሜትር አገኘሁ ብሎ ይደሰታል። አንድ ካሬ ሜትር 100 በ100፣ 10,000 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። 600 ለ10,000፣ 0.06። ያው የብጣሿ ጨርቅ መልስ።

ኢንች ደግሞ አለላችሁ። የልብስ ሰፊ ሜትር በአንድ ጎኑ ሳንቲ ሜትር፣ በሌላው ኢንች ነው። አንዳንድ ጣቃ ላይ ወርዱ፣ ማለትም ሲሰቀል ቁመት የሚሆነው፣ በኢንች ነው የሚጻፈው። አንድ ኢንች 2.54 ሳንቲ ሜትር ነው። 110 ኢንች የሚል ካያችሁ 2.54 ሲባዛ በ110፣ 279.4። ያው 2.80 የምንለው ነው ማለት ነው። በግምት ደግሞ ሁለት ተኩል ጊዜ 110፣ 275፤ ከዚያ ትንሽ ከፍ።

እናቴ ቡና ትቸረችር ነበር። ነጥብ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ሩብና ግማሽ ታውቃለች። ኪሎው 480 ብር ነው እንበል፤ አንዷ 0.75 ኪሎ ትፈልጋለች። እኔ 75ን በ480 አባዝቼ፣ 36,000 አግኝቼ፣ ሁለት ቤት ቆጥሬ 360 ብዬ ቀና ስል እሷ ብሩን ተቀብላ መልስ እየሰጠች ነው። ግማሹ 240፣ የግማሹ ግማሽ 120፣ ሲደመር 360። ምንም አልጻፈችም። ሚዛኑ ላይ ያለውን ነገር እያየች ስለምታሰላ 36 ብር ወይም 3,600 ብር የሚባል መልስ አፏ ላይ አይመጣም። ነጥብ ያለበትን ቁጥር ወደ ግማሽና ሩብ መሰነጣጠቅ እስካሁን የምጠቀምበት ዘዴ ነው። 0.75 ግማሽና ሩብ። 1.25 አንድና ሩብ። 2.5 ሁለትና ግማሽ። በተለይ ደንበኛ ፊት ለፊት ቆሞ ስልክ ማውጣት ሲያሳፍር።

 ልጄ 0.4 ሲባዛ በ2.5 ሲሠራ 4 ጊዜ 25፣ 100 አለ። ደህና። ከዚያ ዜሮዎቹን «አያስፈልጉም» ብሎ ጣላቸውና 1 ቀረው። ከዚያ ሁለት ቤት ቆጠረ፤ 0.01። ይህ ጎበዝ ተማሪን ጭምር የሚጥል ጉድጓድ ነው። ዜሮ የሚጣለው ነጥቧ ከተቀመጠች በኋላ እንጂ በፊት አይደለም። 100 ላይ ሁለት ቤት ሲቆጠር 1.00 ነው፤ አሁን ዜሮዎቹን ጣል፣ 1። ግምቱስ? የ2.5 ግማሽ 1.25 ነው፤ 0.4 ከግማሽ ትንሽ ያንሳል፤ ስለዚህ አንድ አካባቢ። 0.01 የሚባል ነገር ከየት መጣ?

ሌላ መንገድ ደግሞ አሳየሁት። አንዱን ቁጥር በአስር አሳድገህ ሌላውን ለአስር ብትከፍል መልሱ አይነቃነቅም። 0.4ን 4 አድርገው፣ 2.5ን 0.25። አራት ጊዜ 0.25። 0.25 ብር ስሙኒ ነው፤ አራት ስሙኒ ስንት ነው? አንድ ብር። ስሙኒ ምን እንደሆነ ግን መጀመሪያ ማስረዳት ነበረብኝ። ለእነሱ ሳንቲም የሚባለው ነገር ከስልክ ሒሳብ ማሳወቂያ ላይ ከነጥቧ በኋላ የሚቀመጡ ሁለት አሃዞች ናቸው።

አንድ ማታ ልጄ «ይኼን ነገር ማን አመጣብን?» አለኝ። ተናዶ ነው እንጂ ለማወቅ አይደለም። እኔ ግን ነገሩን ወደድኩት። አስርዮሽ ቁጥሮችን ከአውሮፓ በፊት የእስልምናው ዓለም ሊቃውንት ያውቋቸው ነበር፤ በሳማርካንድ (በዛሬዋ ኡዝቤኪስታን) ይሠራ የነበረው የሒሳብ ሊቅ አል-ካሺ እንደ ፈረንጆቹ በ1427 ባጠናቀቀው የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ በደንብ ሠርቶባቸዋል። አውሮፓ ውስጥ ነገሩን ለተራው ሠራተኛ ያወረደው ግን በዛሬዋ ቤልጅየም የብሩዥ ከተማ ተወላጅ የሆነው የሒሳብ ሊቅ ሲሞን ስቴቪን ነው። በ1585 ኔዘርላንድ ውስጥ ባለችው ላይደን ከተማ በደች ቋንቋ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አሳተመ። ልቤን የነካው መግቢያው ላይ ሰላምታ የሚያቀርብላቸው ሰዎች ዝርዝር ነው። ከዋክብት የሚመረምሩ፣ መሬት የሚለኩ፣ በርሜል የሚለኩ፣ ገንዘብ የሚያስቀርጹ፣ ነጋዴዎች ሁሉ። ከመሬት ለኪዎቹ ቀጥሎ ደግሞ የግድግዳ ጌጥ ጨርቅ የሚለኩ! የእኔ ሙያ ዘመዶች ናቸው። ከአራት መቶ ዓመት በፊት አንድ ሊቅ «እናንተ ጨርቅ ለኪዎች፣ ይኼ ለእናንተ ነው» ብሎ ጽፏል። ልጄ ብዙም አልተደነቀም።

ስቴቪን ነጥብ አልተጠቀመም። ከየአሃዙ ጎን በክብ ውስጥ ቁጥር ይጽፋል፤ ለሙሉው 0፣ ለአስረኛ 1፣ ለመቶኛ 2። ሲያባዛ የመጨረሻዎቹን ምልክቶች ይደምራል። የራሱ ምሳሌ 32.57 ሲባዛ በ89.46 ነው። ሁለቱም በ2 ምልክት ያልቃሉ፤ 2 ሲደመር 2፣ 4። ስለዚህ መልሱ 29137122 ሆኖ የመጨረሻው አሃዝ 4 ምልክት ይይዛል፤ በእኛ አጻጻፍ 2913.7122። የልጄ ደብተር ላይ ያለው «አሃዞቹን ቁጠር» የሚለው ሕግ ይኸው ነው። በግምትም ሞክሩት፤ 30 ጊዜ 90፣ 2,700። ቅርብ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ጨርቅ ዋጋው ሲጨምር ደንበኛ ያኮርፋል። አንድ ወንድም፣ ልብሱ ጥንቅቅ ያለ፣ በቀደም መጥቶ «ሜትሩ 500 ነበር፤ 20 ፐርሰንት ጨምረሽ 600 አድርገሽዋል። እኔ ቋሚ ደንበኛ ነኝ፤ 20 ፐርሰንቱን አስተያየት አድርጊልኝና በድሮው ዋጋ እንስማማ» አለኝ። ሲሰሙት ፍትሐዊ ነው። ማባዛቱን ግን ተመልከቱት። ሃያ በመቶ መጨመር በ1.2 ማባዛት ነው። ሃያ በመቶ መቀነስ በ0.8 ማባዛት ነው። 1.2 ሲባዛ በ0.8፣ 0.96። አንድ አይመጣም። 600 ሲባዛ በ0.8፣ 480 ብር። ከድሮው ዋጋ በ20 ብር አንሶ ልሸጥለት ማለት ነው። ወረቀት ላይ አሳየሁት። ሳቀና «ባንክ ነው የምሠራው» አለኝ። ማወቁ ነበር ወይስ አለማወቁ፣ እስካሁን አልገባኝም። በ520 ተስማማን።

ቫትም እንደዚሁ ነው። 15 በመቶ መጨመር በ1.15 ማባዛት ነው፤ የ3,000 ብር ዕቃ 3,450 ይሆናል። ከ3,450 ላይ 15 በመቶ ቀንሶ ወደ 3,000 እመለሳለሁ የሚል ካለ 3,450 ሲባዛ በ0.85፣ 2,932.50 ላይ ያርፋል። ደረሰኝ ስታዩ ይህን አስታውሱ።

መጀመሪያ ላይ 2.6 ሲባዛ በ0.95 ብዬ ነበር። ጥጥ ጨርቅ ሲታጠብ ይሰበሰባል። አምስት በመቶ ይሰበሰባል እንበል። 2.6 ሜትር ቁመት ያለው የጥጥ መጋረጃ ከታጠበ በኋላ 2.6 ሲባዛ በ0.95 ይሆናል። ግምት፣ ከ2.6 ትንሽ ያነሰ። 26 ጊዜ 95፣ 2470፤ ሦስት ቤት፣ 2.470፣ ማለትም 2.47። አሥራ ሦስት ሳንቲ ሜትር ጠፋ። ወለል ድረስ ይወርድ የነበረው መጋረጃ ቁርጭምጭሚት ላይ ቀረ።

ልጄ ይህን ሲሰማ ጥሩ ሐሳብ አመጣ። «ታጥቦ 2.4 እንዲሆን ከፈለግሽ አምስት በመቶ ጨምረሽ በ1.05 አባዢዋ።» 2.4 ሲባዛ በ1.05፣ 2.52። ቆንጆ። ግን ያን የ20 ፐርሰንት ወሬ አስታወስኩትና «እስቲ አሁን 2.52ን አጥበው» አልኩት። 2.52 ሲባዛ በ0.95። ራሱ ሠራው፤ 2.394። «6 ሚሊ ሜትር ጎደለ!» አለ። ትክክለኛውን ለማግኘት 2.4ን ለ0.95 ማካፈል ነው፤ 2.526 ገደማ ይመጣል። ማካፈሉን ገና አልተማሩም፤ እኔም ሌላ ቀን እጽፍበታለሁ። እስከዚያው 2.55 ቆርጬ ትርፏን ታች ከሚቀመቀመው ጋር እሰፋታለሁ።